ዕጣ ያስታውሳል ወይ?

የዛሬው ጉዳያችን የዕድል ስሌት ነው፤ ተማሪዎች ፕሮባቢሊቲ የሚሉት። ዓላማዬ ቀመር ማስጠናት አይደለም። የዚህ ትምህርት ሕጎች ጥቂት ናቸው፣ የሚጠይቁትም መደመርና ማባዛት ብቻ ነው። ላሳያችሁ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ በገበያም ሆነ በፍርድ ቤት ሰው ዕድልን ሲያሰላ በውድ የሚያስከፍለው ስሕተት ከስሌቱ የሚመጣው እምብዛም ነው። የሚመጣው ከስሌቱ በፊት መቅረብ የነበረበት አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው፤ ይኸውም «የአንዱ ነገር መሆን የሌላውን ዕድል ይለውጠዋል ወይስ አይለውጠውም?» የሚለው። ይህንን በመጀመሪያ በዕቁብ፣ ቀጥሎ በአንድ የቁማር ቤት፣ ከዚያም በአንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት እንመለከተዋለን። ወደ ንግድ የምንገባው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ በመጨረሻም ሊነሡ የሚገባቸውን ተቃውሞዎች እመልሳለሁ።

ሕጎቹን ባጭሩ ላስቀድም። ዕድልን በቁጥር መለካት በሒሳብ ታሪክ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። ፈረንሳውያኑ ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ ለቁማርተኞቹ እንዴት ይከፋፈል በሚለው ጥያቄ ላይ ደብዳቤ የተጻጻፉት በ1654 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ የዕድል ስሌትም እንደ ትምህርት የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው። ሊሆን የማይችለውን ነገር 0፣ መሆኑ የማይቀረውን 1 እንላለን፤ ሌላው ሁሉ በመካከላቸው ነው። አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ 30 በመቶ ከሆነ ያለመሆን ዕድሉ 70 በመቶ ነው። አብረው ሊሆኑ የማይችሉ ሁለት ነገሮች ካሉ፣ ከሁለቱ አንዱ የመሆኑ ዕድል የሁለቱ ድምር ነው። ሁለቱም አብረው የመሆናቸው ዕድል ደግሞ የአንደኛው ዕድል፣ አንደኛው ከሆነ በኋላ በሚኖረው የሁለተኛው ዕድል ሲባዛ የሚገኘው ነው። እባካችሁ «አንደኛው ከሆነ በኋላ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ሕጉን ሲያስታውስ እርሷን ጥሎ «ሁለቱን ዕድሎች ማባዛት» ብሎ ነው የሚይዘው። የዛሬው ንግግር ሁሉ በዚያች በተጣለችው ሐረግ ላይ ነው።

ወደ ዕቁብ እንሂድ። አሥራ ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ ሺህ ሺህ ብር ይጥላሉ እንበል፤ ዳኛው ስሞቹን በብጣሽ ወረቀት ጠቅልሎ በአንድ ዕቃ ውስጥ ይጨምርና ዕጣ ያስወጣል፣ የወጣለት ሰው አሥራ ሁለት ሺህ ብር ይወስዳል፣ ስሙም ተመልሶ አይገባም። በእንዲህ ያለ ዕቁብ «ቀድሞ ዕጣ ያነሣ ይሻለዋል» ወይም «መጨረሻ ላይ መቆየት ይሻላል» እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች አይጠፉም። ስሌቱ ምን ይላል? በመጀመሪያው ሳምንት የእናንተ ስም የመውጣቱ ዕድል ከ12 አንድ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እንዲወጣ በመጀመሪያው አለመውጣት አለበት፤ ያ ከ12 አሥራ አንድ ነው። ያ ከሆነ በኋላ በዕቃው ውስጥ የቀሩት 11 ወረቀቶች ናቸውና ዕድላችሁ ከ11 አንድ ይሆናል። ሁለቱን ስናባዛ አሥራ አንዱ ከአሥራ አንዱ ጋር ይጣፋና ከ12 አንድ ይቀራል። ሦስተኛውን ሳምንት ብታሰሉም ያው ከ12 አንድ ነው፤ አሥራ ሁለተኛውም እንዲሁ። ዕቁቡ ሳይጀመር ሲታይ ማንም ከማንም አይበልጥም፣ ማንኛውም ሳምንት ከሌላው አይሻልም። ሦስት ሳምንት አልፎ ስማችሁ ካልወጣ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ዕድላችሁ ከ9 አንድ ነው። ከ12 አንድና ከ9 አንድ እርስ በርስ አይጣሉም። የመጀመሪያው ምንም ሳናውቅ የተሰጠ መልስ ነው፤ ሁለተኛው ሦስት ስሞች መውጣታቸውን ካየን በኋላ የተሰጠ ነው። የዕድል ቁጥር ሁልጊዜ ከሚታወቀው ነገር ጋር ታስሮ የሚነገር ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የዕጣው ዕድል እኩል ነው ማለት የዕጣው ጥቅም እኩል ነው ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ በመጨረሻው የወጣለት ያለ ወለድ አስቀምጧል፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን ደግሞ የሁለተኛው ብር ሲደርሰው ሳስቷል። ዕጣ መግዛትና መሸጥ የተለመደው፣ ቸግሮት ቀድሞ መውሰድ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ብር ቀንሶ ተራ የሚለዋወጠውም ለዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች ስሌቱን በወረቀት ባያውቁትም በኪሳቸው ያውቁታል።

በዚያው ዕቁብ አንድ ሰው ሁለት ዕጣ ቢይዝስ? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ቢያንስ አንዱ ዕጣው የመውጣቱ ዕድል ምን ያህል ነው? ፈጥኖ የሚመልስ ሰው አንዱ ዕጣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የመውጣት ዕድሉ ከ12 ሦስት ስለ ሆነ ሁለቱን ደምሮ 50 በመቶ ይላል። ነገር ግን ሁለቱም በሦስቱ ሳምንታት ውስጥ ሊወጡ ይችላሉና ያ አጋጣሚ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ሁለቱም የመውጣታቸው ዕድል ከ12 ሦስት ሲባዛ ከ11 ሁለት፣ ማለትም ከ22 አንድ ነው። ይህ ሲቀነስ 45 በመቶ ተኩል ገደማ ይቀራል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዕጣው በዛ ባለ ቁጥር ስሕተቱም ይሰፋል። ስምንት ዕጣ የያዘ ሰው በዚያው ዓይነት መደመር ዕድሌ 200 በመቶ ነው ሊል ነው!

የዕቁቡ ዕቃ ያስታውሳል ማለት እንችላለን። የወጣው ወረቀት አልተመለሰምና ያለፈው ሳምንት በዚህ ሳምንት ዕድል ላይ አሻራውን ትቷል። አሁን ወደማያስታውስ ነገር ልውሰዳችሁ። ነሐሴ 18 ቀን 1913 (እ.ኤ.አ.) በሞንቴ ካርሎ የቁማር ቤት የሩሌት ኳስ በተከታታይ 26 ጊዜ ጥቁር ላይ ወደቀ። ጥቁሩ በተደጋገመ ቁጥር ተጫዋቾቹ «አሁንስ ቀይ ሳይደርሰው አይቀርም» እያሉ ገንዘባቸውን በቀይ ላይ ከመሩ፤ ብዙ ሚሊዮን ፍራንክ እንደ ጠፋ ይነገራል። እነዚያ ሰዎች በልባቸው የዕቁብ ስሌት ነበር የሚያሰሉት፤ ጥቁር ብዙ ጊዜ ከወጣ የቀረው ቀይ ነው ብለው። መንኮራኩሩ ግን ከ37 ቤቶቹ 18ቱ ጥቁሮች፣ 18ቱ ቀዮች፣ አንዱ ዜሮ ሆነው፣ ሃያ አምስተኛው ዙር ካለፈ በኋላም ቀይ የመውጣቱ ዕድል ከ37 አሥራ ስምንት ነበር። የወጣ ቁጥር ከመንኮራኩሩ አይነሣም። «ይህ ቁጥር ከቆየ ብዙ ጊዜው ነው» እያለ ሎተሪ የሚመርጥ ሰውም ከእነርሱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ነው፤ በየዕጣው ቁጥሮቹ ሁሉ ተመልሰው ይገባሉና። አንድ ሰው «ታዲያ 26 ጊዜ በተከታታይ መውጣቱ እጅግ የማይሆን ነገር አይደለምን?» ቢል ልክ ነው፤ ጨዋታው ሳይጀመር ሲታይ እጅግ የማይሆን ነው። ነገር ግን ሃያ አምስቱ ከሆኑ በኋላ የቀረው አንድ ዙር ነው፣ እርሱም እንደ ማንኛውም ዙር ነው።

እስካሁን ያየነው ያልተሳሰረውን እንደ ተሳሰረ የቆጠሩ ሰዎችን ነው። ጉዳቱም በኪሳቸው ቀርቷል። ተቃራኒው፣ ማለትም የተሳሰረውን እንዳልተሳሰረ መቁጠር፣ ከዚህ የከፋ ነው። በእንግሊዝ አገር ሳሊ ክላርክ የምትባል የሕግ ባለሙያ ሁለት ጨቅላ ወንዶች ልጆቿ በ1996 እና በ1998 (እ.ኤ.አ.) ሞቱባት፤ ገድላቸዋለች ተብላም ተከሰሰች። በችሎቱ የቀረቡ አንድ ስመ ጥር የሕጻናት ሐኪም፣ እንደ እርሷ ባለ ቤተሰብ ውስጥ ሕጻን ምክንያቱ ሳይታወቅ በድንገት የመሞት ዕድሉ ከ8,543 አንድ ነው አሉ፤ ሁለት ሕጻናት በዚህ መንገድ የመሞታቸውን ዕድል ለማግኘት ያንኑ ቁጥር በራሱ አባዙትና ከ73 ሚሊዮን አንድ አሉ። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪ) ይህን ሰምተው በኅዳር 1999 ጥፋተኛ ናት ሲሉ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት።

ማባዛቱ ራሱ ትክክል ነው፤ በስሌት መሣሪያ ብትሞክሩት ያው ይወጣል። የተጣለችው ግን «አንደኛው ከሆነ በኋላ» የምትለዋ ሐረግ ናት። ሁለቱ ሕጻናት የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ በአንድ ቤት ተኝተዋል፣ አንድ ዓይነት አየር ተንፍሰዋል። በአንደኛው ላይ ሞት ያመጣ የተደበቀ የውርስ ችግር ካለ በሁለተኛውም ላይ የመኖሩ ዕድል ከሌላው ሕጻን ይበልጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ቁጥር 8,543 የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። የብሪታንያ የንጉሣዊ ስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 ይህን ቁጥር መሠረት የለውም ሲል በይፋ ተቃወመ። ሴትዮዋ በጥር 2003 በሁለተኛው ይግባኝ ነጻ ወጣች። በእርግጥ ፍርዱን ለመሻር ዋናው ምክንያት በመጀመሪያው ችሎት ያልቀረበ የሕክምና ምርመራ ውጤት ነበር፤ ሆኖም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ስለ ቁጥሩም የሰላ ትችት ሰንዝሯል።

በዚያ ችሎት ሌላም ስሕተት ነበር፤ እርሱ ወደ ንግዱ ያሻግረናል። ቁጥሩ ትክክል ቢሆን ኖሮ እንኳ የሚናገረው «ንጹሕ ከሆነች ይህ የመሆኑ ዕድል ምን ያህል ነው» የሚለውን ነው። ሰሚዎቹ ያሰቡት ግን «ይህ ከሆነ ንጹሕ የመሆኗ ዕድል ምን ያህል ነው» የሚለውን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተገልብጠዋል፤ መልሶቻቸውም እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። ሁለት ሕጻናትን አከታትሎ የምትገድል እናትም እኮ በጣም ብርቅ ናት፤ መመዛዘን የነበረባቸው ሁለቱ ብርቅ ነገሮች ናቸው። የእንግሊዙ ቄስ ቶማስ ቤይዝ ይህን መገልበጥ እንዴት በትክክል እንደሚሠራ ያሳየበት ጽሑፍ ከሞተ በኋላ በ1763 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል።

አንድ ጅምላ ሻጭ ለቸርቻሪዎች በዱቤ ዕቃ ይሰጣል እንበል። ከአንድ ሺህ ደንበኞቹ 20ዎቹ ገንዘቡን ሳይከፍሉ የሚቀሩ ናቸው። ሻጩ በልምድ አንድ ምልክት አለው፤ ለምሳሌ የመጀመሪያውን ክፍያ ያዘገየ ሰው። ከማይከፍሉት 20 ሰዎች 18ቱ ይህ ምልክት ይታይባቸዋል። ከደኅነኞቹ 980 ሰዎችም ግን ከመቶ አሥሩ፣ ማለትም 98ቱ፣ በአንድም በሌላም ምክንያት ያዘገያሉ። አሁን አንድ ደንበኛ ክፍያ ቢያዘገይ ከሃዲ የመሆኑ ዕድል ምን ያህል ነው? ብዙ ሰው «90 በመቶ» ይላል፤ ከማይከፍሉት ዘጠና በመቶው አዘግይተዋልና። ግን ያዘገዩት በጠቅላላው 116 ናቸው፤ ከእነርሱ ሳይከፍሉ የሚቀሩት 18 ብቻ ናቸው። ዕድሉ 15 በመቶ ተኩል ገደማ ነው።

ታዲያ ያዘገየውን ሁሉ መቁረጥ ሞኝነት ነው ማለት ነው? እዚህ ላይ የሒሳብ መምህራን ብዙ ጊዜ ቸኩለው «አዎን» ይላሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ዕድሉ ብቻውን አይወስንም። ከአንድ ደኅነኛ ደንበኛ የሚገኘው ትርፍ ሺህ ብር፣ ከአንድ ከሃዲ የሚደርሰው ኪሳራ ሃያ ሺህ ብር ቢሆን፣ 98ቱ የሚያስገቡት 98 ሺህ ብር ነው፤ 18ቱ የሚያጠፉት 360 ሺህ ብር ነው። ያ ሻጭ ከመቶ ሰማንያ አራቱ ንጹሕ ቢሆኑም መቁረጡ ያዋጣዋል። ዱቤው ትንሽ ሆኖ ኪሳራው አራት ሺህ ብር ከሆነ ግን የሚጠፋው 72 ሺህ ብር ነውና መስጠቱ ይሻላል። ይኸው ዕድል በአንዱ ሱቅ እምቢ፣ በሌላው እሺ ያሰኛል። ስሌቱ ሰውየውን ከሃዲ ነው ብሎ ስም ከመስጠትም ያድናል፤ የተቆረጠው ደንበኛ የተቆረጠው ኪሳራው ከባድ ስለ ሆነ ነው፣ ሐሰተኛነቱ ስለ ተረጋገጠ አይደለም።

ከዱቤ ወደ አስመጪነት ልለፍ። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃው ለበዓል ገበያ እንዲደርስለት ባንኩ የክፍያ ዋስትና ሰነዱን (ኤልሲውን) በጊዜ መክፈት አለበት፣ መርከቡ ጅቡቲ በጊዜ መድረስ አለበት፣ ጉምሩክም እንዲሁ። እያንዳንዱ በጊዜው የመፈጸም ዕድሉ 80 በመቶ ቢሆንና አንዱ ባለፈ ጊዜ የሚቀጥለው ዕድል ባይለወጥ፣ ሦስቱም የመሳካታቸው ዕድል 51 በመቶ ብቻ ነው። «ሁሉም ደኅና ነው» የሚል ነጋዴ ሳንቲም እየወረወረ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ይህን የተረዳ ነጋዴ አምስት አቅራቢዎችን ይይዛል። አንዱ የመዘግየት ዕድሉ 20 በመቶ ከሆነ አምስቱም የመዘግየታቸው ዕድል 0.2 አምስት ጊዜ ሲባዛ ከመቶ ሺህ 32 ነው፤ እንቅልፍ የሚያስተኛ ቁጥር ነው። ግን አምስቱም ዕቃቸውን በቀይ ባሕር በኩል ወደ አንድ ወደብ የሚልኩ ከሆኑ አምስት አይደሉም። ከኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ትላልቅ የመርከብ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞርን መርጠዋል፤ ያን ጊዜ አንዱ ብቻ አልዘገየም። መስመሩ የሚታወክበት ዕድል 5 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ አምስቱም አብረው የመዘግየታቸው ዕድል ከ5 በመቶ አያንስም፤ ይህ ከመጀመሪያው ቁጥር ከ150 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስድስተኛ፣ ሰባተኛ አቅራቢ መጨመርም ያን 5 በመቶ አይነካውም። የሚነካው ሌላ መንገድ፣ ወይም በመጋዘን አስቀድሞ የተከማቸ ዕቃ ነው። ዕድርም ሆነ መድን ድርጅት የቆመው አደጋዎች ባለመተሳሰራቸው ላይ ነው፤ ሞትና አደጋ ለየብቻ ሲመጣ የብዙዎች መዋጮ የአንዱን ኀዘን ይሸፍናል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን እንደ መታው እንደ ኅዳር በሽታ ያለ ነገር ሲመጣ ግን ለቀስተኛውና ቀባሪው አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ የአባላቱ ቁጥር መብዛት ያን ጊዜ አይረዳም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው ከምእመናን የሚመጣ ነው፤ ዕጣ የሚወጣው ከላይ ነው፣ ሰው ምን አገባው የሚል። የዕጣውን ባለቤት ማንነት ስሌቱ አይነካውም። ከ12 አንድ ማለት እኛ በዚህ ሰዓት የምናውቀውን ያህል መናገር ነው፤ ወረቀቱን ሁሉ የሚያይ አካል ቁጥር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። «ዕድል በብዙ ሙከራ አማካይ የሚታይ ነገር ነው፤ እኔ ግን ይህን ሱቅ የምከፍተው አንድ ጊዜ ነው፣ አማካዩ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እሺታ ነው። አንድ ሰው በዕድሜው የሚወስናቸው ነገሮች ብዙ ናቸውና እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ቢሆንም ተደምረው አማካዩ ይሠራል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ከአንዱ ኪሳራ በኋላ ለሚቀጥለው የሚተርፍ አቅም ሲኖር ነው። ቤቱን አስይዞ ተበድሮ የገባ ሰው፣ አማካዩ ትርፍ የሚያሳይ ንግድ እንኳ ቢሆን፣ አንዴ ከወደቀ አማካዩን ሊያገኝ ተመልሶ አይመጣም። እንዲህ ላለ ሰው የሚጠቅመው ቁጥር አማካዩ ሳይሆን የመክሰሩ ዕድል ነው። ሀብታምና ድኻ አንድ ዓይነት ዕድል ቀርቦላቸው የተለያየ ነገር ቢመርጡ ሁለቱም አስተዋዮች ሊሆኑ ይችላሉ።

ሦስተኛው፣ «ሁሉ ነገር ከሁሉ ነገር ጋር የተሳሰረ ከሆነ ማባዛት ለመቼ ነው?» የሚለው ነው። የማባዛት ሕግ ምንጊዜም ይሠራል፤ ሁለተኛው ቁጥር አንደኛው ከሆነ በኋላ ያለው ቁጥር እስከ ሆነ ድረስ። መተሳሰሩ ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ቁጥሩ አመጣጥ ያስጠይቃል።

ይህ ወደ መጨረሻው ተቃውሞ ያደርሰናል፤ «ቁጥሮቹን ከየት እናምጣ?» ወደሚለው። ልክ ናችሁ፤ እኔ 20ውንም 98ቱንም ለምሳሌ የፈጠርኳቸው ናቸው። ግን የብዙ ባለ ሱቆች የዱቤ ደብተር ከዚህ የተሻለ መረጃ አለው። ጉድለቱ ግን አንድ ነው፤ ደብተሩ የካዱትን ሰዎች በደንብ ያስታውሳል፣ አዘግይተው የከፈሉትን ግን ሒሳባቸው ሲዘጋ ይሰርዛቸዋል። ዓመቱ ሲያልቅ የቀሩት ስሞች ከሃዲዎቹ ብቻ ናቸውና፣ ባለ ሱቁ «ያዘገየ ሁሉ ካደ» ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም፤ ገጹ የሚያሳየው ያንን ነው። የተከፈለውን ዱቤ ባለ መሰረዝ፣ ቀኑንና ስንት ጊዜ እንደ ዘገየ በዳር በመጻፍ ብቻ በአንድ ዓመት ውስጥ የራሱን 18ና 98 ያገኛል። የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተወዋለሁ።